በወይራ የታጠነው ጠርሙስ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስሜን መጻፍ ከቻልኩ በኋላ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንቀበልበት ጊዜ። ከዚህ የበለጠ አትጠይቁኝ። ያን ሰሞን ሳስበው ትዝ የሚለኝ ድካሙ ነው።

ነቀምቴ ገበያው ጥግ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሚስቴ እዚያው አጠገብ ያለችው የጉቴ ከተማ ልጅ ናት። ከተጋባን ቆይተናል፤ ልጅ ግን አልመጣም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጎጃም ሰው ናት፤ ነገር ማድበስበስ አትወድም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ትልና፣ ሚስቴ እየሰማች፣

«ቢላ ከተማ አንዲት ልጅ አይተንልሃል። እናቷ ወላድ ናት፣ አያቷም ወላድ ናት» ትለኛለች።

እኔ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ሚስቴ ወደ ጓዳ ትገባለች። በኋላማ እናቴ ከፋሲካ ወዲያ ሽማግሌ እልካለሁ ብላ ቆረጠች። ሚስቴን መስደድ አልፈልግም፤ እናቴንም እምቢ ማለት አላወቅሁበትም። እንዲያው መሃል ላይ ደከመኝ።

በዚያ ጊዜ አንድ ሐኪም ከአዲስ አበባ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስቶችን እየመረመረ ጥናት ያደርጋል አሉ። ሚስቴን ይዤ ሄድኩ። እሷን ለብዙ ጊዜ ካመላለሳት በኋላ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረና፣

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ምን ሆኛለሁ? ጤነኛ ነኝ እኮ።»

«ሁሉም ባል እንዲሁ ነው የሚለኝ። ሴቶቹን ብቻ ካየሁ ጥናቱ ግማሽ ነው የሚሆነው። እሷ ላይ እስካሁን ምንም አላገኘሁም።»

አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ወንዶች በበሩ በኩል ይሰሙን ነበር። አንዱ፣ «ኧረ ጉድ! ደግሞ ወደ እኛ ዞረ?» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ፤ ሚስቱም ተከተለችው። እግሬ ወደ በሩ ከጅሎ ነበር። እናቴ ቢላ ያየችልኝን ልጅ አስቤ ቆየሁ።

የሚፈልገው ዘሬን ነው። እዚያው ሆስፒታል አይሆንልኝም ስለው ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ ሰጠን። «ንጽሕናውን አደራ» አለ። «ብብትህ ውስጥ ይዘህ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ቶሎ አድርስልኝ።»

የቀረውን አልዘረዝርም። በቀጠሮው ጠዋት ጠርሙሱን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ እጁ እንደ ተሰበረ ሰው ክንዴን ደረቴ ላይ አጣብቄ ወጣሁ። ቀበሌው በር ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ።

«ኦቦ፣ ማል ቀብዳ? ምን ይዘሃል?»

«ምንም።»

«እጅህን አንሣ!»

አነሣሁ። ጠርሙሱን አወጣና አሸተተው። «ወይራ ወይራ ይላል። ወተት ነው እንዴ?»

«ወተት ነው» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«ይቺን ታህል ወተት ለማን ልታደርስ ነው?» ብሎ ስቆ ጠርሙሱን መለሰልኝ። እኔ መልሼ ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። የወይራው ነገር አልታሰበኝም፤ በቤታችን ወይራ የማይሸት ዕቃ የለም።

ሐኪሙ በማጉያ መነጽሩ ረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑን ሲያነሣ ፊቱ ላይ ገባኝ። «በሕይወት ያለ አንድም የለም» አለኝ።

በገበያው በኩል ማለፍ አቅቶኝ ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት። ለሚስቴ ነገርኳት። አላለቀሰችም። እጆቿን እያየች፣

«ጠርሙሱን እኮ አጥኜው ነበር» አለች።

«ምን አደረግሽው?»

«በወይራ ነዋ! ወተት እንዳይበላሽ ዕቃውን እናጥን የለ? ንጽሕናውን አደራ ሲል ሰማሁት። ታጥቦ ብቻ ይሄዳል? ደግሜ ነው ያጠንኩት፣ ላንተ ብዬ።»

ያን ቀን ተስፋ አደረግን። ሐኪሙም ሲሰማ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ለሚሰጠው ሰው ሁሉ ወይራ አታስነኩት ይል ጀመር አሉ። ሌላ ጠርሙስ ሰጠን፤ ሌላ ጠዋት ክንዴን አጣብቄ ሄድኩ። ሲያይ ቆየና፣

«አሁን አሉ» አለ። «ግን ጥቂት ናቸው፤ ደካሞች ናቸው። ጢሱ ብቻ አልነበረም። እሷ ጤነኛ ናት፤ ችግሩ ያለው አንተ ጋ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ያንተ ዓይነቱን ገና እያጠናን ነው። እየተመላለስክ ናሙና ስጠኝ። ላንተ ባይደርስ ለሚመጡት ይሆናል።»

እሑድ እናቴ መጣች። ሽማግሌዎቹን አዘጋጅታለች። ቢላ የሚለውን ስም ከመጥራቷ በፊት፣ «እማዬ፣ ተዪው። እንከኑ የኔ ነው፤ የእሷ አይደለም» አልኳት። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥላ ጓዳው በር ላይ የቆመችውን ሚስቴን። እንደዚያ ፈርታ ስታያት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

«እንግዲያው ይቺ ልጅ መሄዷ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ገና ወጣት ናት። ወንድሞቿ ቢሰሙ መጥተው ይወስዷታል።»

እውነቷን ነበር። እኔም ከሆስፒታሉ ጀምሮ የፈራሁት እሱኑ ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጨርቅ ሳይኖርበት፣ መርገጫውን እረግጣለሁ።

«እማማ፣ ማን ነው የሚወስደኝ? ዕቃ ነኝ እንዴ?» አለች ሚስቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሐሙስ ነው አይደል ቀጠሮህ? ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ብቻ ነው የማጥበው። ወይራ አላስነካውም።»

«የምን ወይራ?» አለች እናቴ።

ሚስቴ ሳትደብቅ ነገረቻት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «አይ አንቺ ልጅ! የልጅ ልጆቼን አጥነሽ ፈጀሻቸው!»

ሽማግሌ ወደ ቢላ አልሄደም። ሐሙስም ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ሐሙስ ሄድኩ። ሐኪሙ ተዛውሮ እስኪሄድ ተመላለስኩ። ጥናቱ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም፤ ልጅም አልመጣም። አንዳንድ ጠዋት ደክሞኝ ይቅርብኝ ስል፣ ሚስቴ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እስከ ቀበሌው በር ድረስ አብራኝ ትሄዳለች። ጠባቂው፣ «ወተቱ ደረሰ?» ሲል የምትመልስለት እሷ ናት፤ እኔ ሳፍር እሷ ትስቃለች። ያን ዘመን ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ ሚስቴ፣ የጉቴዋ ልጅ።