አስራ አንድ ቀን ሳይዘጋ የቆየው መዝገብ

ወንድሜን የሚያውቁት ሁሉ «አይቀመጤ» ይሉታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ምሳ ሲበላ አንድ እግሩ በር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጸጉሩ ገና ግማሽ ሲደርስ ብድግ ብሎ «መጣሁ» ብሎ የወጣበትን ቀን ጸጉር አስተካካዩ እስከ ዛሬ ለደንበኞቹ ያወራል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሕፃን ሆኖ አዝዬው እንኳ እግሩ አያርፍም ነበር።

ይህ ሰው ግን በአንድ ሥራ ላይ አስራ አራት ዓመት ጸንቷል። ሰዎች በኢንተርኔት የሚያነቡትንና የሚጽፉትን ሌላ ሰው እንዳያይባቸው የሚሸፍን አገልግሎት ነው የሠራው። ቪፒኤን ይሉታል። ለማያውቅ ሰው የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው፤ ደብዳቤህን በሁለት ፖስታ ከትተህ ለእኛ ትልካለህ፤ እኛ የላዩን ቀደን የውስጡን በራሳችን አድራሻ እንልክልሃለን። መንገድ ላይ ያለው ወደ እኛ መላክህን ብቻ ያያል፤ ተቀባዩም የሚያየው እኛን ነው። ማን ከየት እንደላከ ሊያውቅ የሚችል እኛ ብቻ ነን። እኛ ደግሞ አንመዘግብም። ሥራው በሙሉ ያረፈው በዚህች ቃል ላይ ነው።

የተጀመረው ከጥፋት ነው። ወንድሜ በአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ስድስት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ነበረችው። አንዲት አስተማሪ መጥታ ስለ አንድ በሽታ ስታነብ ቆይታ ሄደች። ያነበበችው እዚያው ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ከእሷ በኋላ የተቀመጠው ሰው አየው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አወቀ። ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። አልጮኸችም። «ወረቀት ረስቼ ብሄድ ኖሮ አጥፈህ ታስቀምጥልኝ ነበር» ብላው ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ እንደታሰረ ወይፈን ሲዞር ከረመና እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ ሲመጣ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

«እትዬ፣ የሰው ወሬ መስማት ትችይ ነበር አይደል?»

«እችል ነበር። ግን ሃሎ፣ ሃሎ ሲባባሉ እንደሰማሁ የማዳመጫውን ቁልፍ እዘጋለሁ። ደንቡ ነው።»

«ብትረሺስ?»

«ያስታወስኩ ጊዜ ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ። ‹መስመር ላይ ነበርኩ፣ ይቅርታ› እላለሁ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ማን አወቀባችሁና! እንደ እናንተ ያለ የዋህ አላየሁም።»

ሳቀ እንጂ አልረሳውም። መጻሕፍት እያገላበጠ፣ እየጠየቀ፣ እየተሳሳተ ተማረ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ከገጽ አንድ ጀመርኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ አእምሮዬን ለከፈተልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ሰባት ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ጎረቤታችን ጫማ ሰፊ ነው። «ለማበረታታት ነው» አለ። ቀስ በቀስ ከፋርማሲው በላይ ባሉት ሦስት ክፍሎች ገባን። ጺሙን የማይላጨውና ሁላችንም «ጺሙ» የምንለው ባለሙያ ተጨመረ። እኔ ከደንበኞች የሚመጣውን መልእክት እመልሳለሁ። ደንበኞቻችን ስም የላቸውም፤ ስንቀበላቸው አስር አሃዝ ያለው ቁጥር እንሰጣቸዋለን፣ በቃ። ካርታ ላይ ፈልጌ ካላገኘሁት አገር ሳይቀር ሰው ይጽፍልን ጀመር።

ወንድሜ በገዛ ቤቱ ግን ሌላ ሰው ነበር። አንዲት ልጅ አለችው። እሷ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ደንብ ይጠፋበታል። ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ፣ የት እንደምትገባ በቤቱ መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። «ስለምሰጋ ነው» ይላል። ልጅቷ ሃያ ዓመት ሲሞላት ደረሰችበት።

«ለዓለሙ ሁሉ መጋረጃ ትሰፋለህ» አለችው፣ «የእኔን ግን ገልጠህ ትቆማለህ!»

በሦስተኛው ቀን አንድ ቦርሳ ይዛ ወጣች። በየወሩ ለእናቷ የምትልከው ሁለት ቃል ነው፤ ደህና ነኝ፣ አትፈልጉኝ። የምትልከው በእኛው አገልግሎት በኩል ነው፤ አስራ ስድስት ዓመቷን ስትይዝ አባቷ የሰጣት ቁጥር አሁንም እየሠራ ነው። ወንድሜ ያንን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጋጣሚ ባገኛት እያለ ያገኘው አውቶቡስ ላይ እየወጣ የማያውቀው ከተማ ውስጥ ሲዞር ውሎ ይመለሳል። ጫማ ሰፊው በወር አንድ ጊዜ ሶል ይቀይርለታል።

ባለፈው ዓመት ደንበኞች መስመሩ እየተቆረጠ ነው ብለው አቤት አሉ። ችግሩን ለማግኘት ማን መቼ ከየት እንደሚገባ ለጥቂት ሰዓት መመዝገብ ግድ ሆነ። ወንድሜና ጺሙ መዝገቡን ከፈቱ። የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ችግሩ ተገኘ፤ የአንዱ ሰርቨር ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ኖሯል። ደስ አላቸው፣ ተቃቀፉ፣ ወጥተው ምሳቸውን በሉ። መዝገቡን መዝጋት ግን ሁለቱም ረሱ።

በአስራ አንደኛው ቀን ጠዋት ጺሙ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ጋሼ፣ ዲስኩ ሊሞላ ነው። መዝገቡ… አልዘጋነውም።»

ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን። ጺሙ መዝገቡን ዘጋው። እስከዚያ የተጻፈው ግን ፋይሉ ውስጥ አለ።

«አሁኑኑ ልሰርዘው?»

«ቆይ» አለ ወንድሜ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሲቀመጥ ነው የገባኝ። የልጁ ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ። ከቁጥሩ አጠገብ የገባችበት አድራሻ አለ፤ ከአድራሻው ደግሞ ከተማዋ ይታወቃል። የሚፈለገው አስር አሃዝ መጻፍ ብቻ ነው። ጺሙም ገባው መሰለኝ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወጣ።

ወንድሜ ለሚስቱ ደወለ። ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል። «እና ምን ትጠብቃለህ? እይልኝ እንጂ! የሰውን ሁሉ እይ አላልኩህ፣ አንድ ቁጥር ነው!» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

መጻፍ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ በልቤ አምላኬን እለምናለሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላወቅሁም። የወንድሜ ልጅ ናት፣ እኔም ናፍቃኛለች። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«እትዬ፣ ያኔ ቁልፉን ስትረሺ፣ የምትነግሪያቸው ሰዎች ይቆጡ ነበር?»

«አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንድ ሰውዬማ ከዚያ ወዲህ ስልክ ትቶ በፖስታ መጻፍ ጀመረ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ መልሰው ደወሉ።»

ስድስቱን አሃዝ አንድ በአንድ ሰረዛቸው። ጺሙን ጠርቶ ፋይሉን አስጠፋው። ከዚያ ብድግ አለ። «አሁን ለሰዎቹ እንንገር።»

ጺሙ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ! ማንም እኮ አላወቀም። ሱቃችንን በገዛ እጃችን ልንዘጋ ነው?»

«አንተ አውቀሃል» አለው። «እኔም አውቄአለሁ። ይበቃል።»

ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩት። ደንበኛው አገልግሎቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ገጽ ላይ ለጠፍነው። አስራ አንድ ቀን መዝግበናል፣ ረስተን ነው፣ አሁን ተሰርዟል፣ ይቅርታ። በዚያው ሳምንት ከአምስት ደንበኛ አንዱ ለቀቀ። ስድቡን ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። አንዱ «የምለቀው ውሸታሞች ስለሆናችሁ ሳይሆን ቂሎች ስለሆናችሁ ነው» ብሎ ጻፈ። አመስግኜ መለስኩለት። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ማነጋገሩን ተወች፤ ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ትሄዳለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ መልእክት መጣ። ቁጥሩ የወንድሜ ልጅ ቁጥር ነው።

«የእኔም ቁጥር እዚያ ውስጥ ነበር። አይቶታል?»

ወንድሜን ከደረጃው ላይ ጠራሁት። ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። አላየሁም ብሎ ሊጽፍ ነው ብዬ ነበር፤ ውሸትም አይሆንበትም። እሱ ግን እንዲህ ጻፈ። «ስድስቱን አሃዝ ጻፍኩ። አራቱን አልጻፍኩም። ለበፊቱም ይቅርታ።»

መልስ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ወንድሜ በኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ ከታች ፋርማሲስቷ ወጥታ «በናታችሁ፣ ፈረስ አስገባችሁ እንዴ?» አለች። ስድስቱን መጥቀሱ ጥፋት ነበር አይል፣ ትክክል ነበር አይል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ስክሪኔን በትከሻዬ በኩል ያያል። እኔም ወንበሬ ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል መቀመጥ አቃተኝ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጣ። የከተማዋ ስም፣ መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል። «ወንበር ያለኝ አንድ ነው። እማዬ ትቀመጥበታለች፤ አንተ እንደሆነ አትቀመጥም።»

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዞር ብል የለም፤ ለሚስቱ ሊነግር ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ኮቴው ብቻ ይሰማል። ጃኬቱ መንጠልጠያው ላይ ቀርቷል። ስሙ ይክበር አልኩና መልእክቱን በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት፤ ከኮምፒውተሩ ላይም እንደ ደንባችን ሰረዝኩት።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። የነገረችው ለእነሱ ነው።