ለአለቃዬ የተነሣሁበት ቀን

ጋሼ ወልዴ መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ላይ ሳሙና አከፋፋይ ነበሩ። ሸምሱ የሱቁ ተሸካሚ ነበር። መቶ አለቃ ታደሰ ደግሞ የእኔ አለቃ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሻጭ መስዬ የተቀመጥሁ ወጣት ፖሊስ።

ያስታወሰችኝ ትንሿ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ራጉኤል አጠገብ ሻይ ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ ገቡና «ኖር!» ብዬ ተነሣሁ።

«አባዬ፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትነሣለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ልጆቼን ታላቅ ሲመጣ ተነሡ እያልሁ ነው ያሳደግሁት። ይኸው ልማድ አንድ ቀን ሊያስገድለኝ እንደነበር ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ሐምሌ ነበር፤ የሰባተኛ ጭቃ ጫማ ያስወልቃል። ከሳሙናው ካርቶን ሥር ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አዲስ ቀን ተለጥፎበት ወደ ገጠር ይላካል። የእኔ ሥራ የሚጫንበትን ቀን ማወቅ ነበር። አራት ወር ቆየሁ። ክፉ ወራት ነበሩ ብል ውሸት ነው። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሸምሱ ጥብስ በቆሎ ይገዛና ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል።

«ብላ እንጂ። ተሸካሚው እኔ፣ የምትከሳው አንተ» ይለኛል።

ቀኑን እንዳወቅሁ መቶ አለቃ ታደሰ ወሬውን ሊወስዱ መጡ። የራሰ ጋቢ ለብሰው ሳሙና የሚገዛ ባላገር መስለዋል። ደጃፉን ሲረግጡ ግን ሰውነቴ ቀደመኝ። «ኖር!» ብዬ ብድግ አልሁ።

መርካቶ ሻጭ ለገዢ አይነሣም፤ ተቀምጦ ነው የሚሸጠው። ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለስንት ባለጸጋ ያልተነሣህ ሰውዬ፣ ዛሬ ለባላገር ምን ነካህ?»

በር ላይ የቆሙት ሁለት ጎረምሶቻቸው ወደ ውስጥ ገቡ። የእነሱን ዱላ ቀምሶ ዳግም ያልቆመ ሰው እንዳለ ሰምቼ ነበር።

ሸምሱ ሸክሙን አወረደ። «ኧረ ጋሼ፣ አጎቱ ናቸው እኮ። እሁድ ለት ራጉኤል ደጃፍ ሲያጠያይቁ አግኝቻቸዋለሁ። እንዲህ ሆነው ሲመጡበት አፍሮ ነው።»

ፖሊስ መሆኔን አያውቅም። በድሃ ዘመዴ ያፈርሁ መስሎት አዝኖልኝ ዋሸ።

«ዘመድ ጭቃ ስለነካው ይታፈራል?» ብለው ጋሼ ወልዴ ገሠጹኝ። ለአለቃዬ ሻይ አዘዙላቸው። ስሸኛቸው ትከሻቸውን ስሜ «ነገ ጠዋት» አልኋቸው።

በማግሥቱ መኪናው ሲጫን ፖሊስ ከበበን። ጥይት አልተተኮሰም። ማንነቴ እንዳይታወቅ እኔንም ከሸምሱ ጋር በአንድ ካቴና አሰሩኝ።

«አይዞህ» አለኝ ሸምሱ በመንገድ ላይ። «እኛ የተሸከምነው ሳሙና ነው።»

እኔ ያን ዕለት ማታ በጣቢያው ጓሮ በር ወጣሁ። እሱ ቀረ። ምንም እንደማያውቅ ልመስክር ብል፣ አለቃዬ ፍርድ ቤት እስክትጠራ ዝም በል አሉኝ። ዝም አልሁ። ሸምሱ እኔን ለማዳን አፍታ አልፈጀበትም፤ እኔ ስለ እሱ እውነቱን ለመናገር ትእዛዝ ጠበቅሁ።

በሰባተኛው ወር ፍርድ ቤት ተጠርቼ ስመሰክር ፖሊስ መሆኔን ሰማ። ከተፈታ በኋላ ራጉኤል በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ተገናኘን። ተነሣሁለት። አይቶኝ አለፈ።

ልጄ ይህን ስትሰማ ሻይዋ ቀዘቀዘ። እያንዳንዳችን ያጣነው ሲሰላ ሒሳቡ እንዲህ ነው አልኋት፦ ጋሼ ወልዴ ስምንት ዓመትና ሱቃቸውን፤ አለቃዬ ምንም፤ ሸምሱ ሰባት ወርና የተሸካሚነት ተራውን፤ እኔ ሸምሱን።