በአክስቴ ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ

አክስቴ ለደንበኞቿ ስታስተዋውቀኝ «ይቺ ፈላስፋችን ናት» ትላለች። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ። እኔ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ፣ እሷ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት፤ አብረን እንኖራለን፣ ከትምህርት መልስ አግዛታለሁ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ «ልብስሽን ገልብጠሽዋል» ትለኛለች። እኔና ጓደኞቼ ቲሸርታችንን የምንገለብጠው ሆን ብለን ነው፤ የማናውቀውን ድርጅት ስም ደረታችን ላይ ለጥፈን በነፃ አናስተዋውቅም ብለናል። ይህ አፈንጋጭነት እንደሚባል በሰፊው ሳስረዳት «ስፌቱ ይታያል» አለችኝ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚያስተምሩን መምህር ከስክሪን ሌላ ወሬ ስለሌላቸው «ጋሽ ስክሪን» እንላቸዋለን። አንድ ቀን ማስታወቂያ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚያሳየው ነገር ብቻ አይደለም፣ እሱ ይናገራል እንጂ ስለማይጠየቅም ጭምር ነው አሉን። ያን ዕለት ጸጉር ቤቱን ስጠርግ መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩና ግድግዳውን አየሁት። ቅባት የሚያመጣልን ነጋዴ የሰጠን ፖስተሮች ናቸው፤ ጸጉራቸው የሚያብረቀርቅ፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቅ ሴቶች። ደንበኛ ትገባለች፣ ጣቷን ትቀስራለች፣ «እንደሷ አድርጊኝ» ትላለች። ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀቅላ ስትወጣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ያው ራሷ ናት። የምታዝነውም በፖስተሩ ሳይሆን በገዛ ጸጉሯ ነው። ይህ ነገር ያበግነኛል።

የመመረቂያ ሥራዬ እዚያው ተገኘ፤ ፖስተሮቹን አውርጄ ደንበኞቹን ራሳቸውን በከሰል ስዬ መስቀል። አክስቴን ለማሳመን ያልለመንኩት ልመና የለም።

«ፈተናሽ እስኪያልፍ ብቻ» አለች በመጨረሻ። «አንዲት ደንበኛ ብትቀርብኝ ግን አንቺንም ሥዕልሽንም ጠራርጌ ነው የማወጣችሁ። ከፈተናው በኋላ ፖስተሮቼ ይመለሳሉ።»

ፈተናውንስ እንደምንም አልፈዋለሁ። እኔ የጓጓሁት አክስቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሥራዬን ሥራ ብላ እንድታየው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ስክሪን ሥራዬን እዚያው ሊፈትኑ ሌላ ፈታኝ አስከትለው መጡ። ጸጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ጥግ ላይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጸጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ከሥዕሎቹ አንዱ የሷ ነው፤ ባለፈው ወር ተሠርታ ስትወጣ የሳልኳት። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ይህ ግድግዳ ከእንግዲህ ለማንም ምንም አይሸጥም» ብዬ ስጀምር በሩ ተከፈተ። አይተናት የማናውቃት ሴት ገባች፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና በልብስ ሰፊዋ ሥዕል ላይ ጣቷን ቀሰረች።

«እትዬ፣ እንደዚችኛዋ ትሠሪኛለሽ?»

ጋሽ ስክሪን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ አዲስ ማስታወቂያ ነው እንዴ የሠራሽልን?»

የአክስቴ ፊት ግን በርቷል። ወንበሩን እያራገፈች «ምን ገዶኝ! ነይ፣ ተቀመጪ» ትላለች።

«እንዳትሞክሪው!» የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ናት። «ይቅርብሽ እህቴ። እዚያ ላይ የምታዪኝ እኔ ነኝ። በማግስቱ ፈረሰብኝ። ያንቺ ጸጉር ደግሞ ከኔም ይሳሳል።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አክስቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ዞረች። «ዝናብ ውስጥ ሮጠሽ እኮ ነው የፈረሰው!»

«ታዲያ እሷን ዝናብ አይመታትም?»

ከዚያ በኋላ ማን ይስማ! ካስክ ውስጥ የነበሩት ሳይቀሩ አንገታቸውን አውጥተው ገቡበት። አንዷ አጠር ይበልላት አለች፣ ሌላዋ ከፊት ለፊት ብቻ፣ ሦስተኛዋ የራሷን ሥዕል እያሳየች ይህ አሠራር ፊት እንደሚያሰፋ በራሷ ላይ መሰከረች። እንግዳዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የሌለ፣ ለራሷ የሚሆን አቆራረጥ ተመረጠላትና ተቀመጠች።

ያዘጋጀሁት ንግግር ከአእምሮዬ ጠፍቷል። «ጋሼ፣ ማስታወቂያ ነው ካሉኝ ይሁን» አልኳቸው። «ግን ይኸው ተጠየቀ፤ መለሰም።»

ጋሽ ስክሪን ወንበር ስበው ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጡ። ከኔ ይልቅ እሷን ብዙ ጠየቋት። ሲወጡ ጨበጡኝ፣ «አልፈሻል፤ ደግሞም እንዲህ ስቄ አላውቅም» አሉኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በእኔ ሥዕል ምክንያት ሥራዋ በሰው ፊት ስለተነቀፈ ግን ከአክስቴ ጋር ዓይን ለዓይን መገጣጠም ፈራሁ።

ደንበኞቹ ሲያልቁ በርጩማ ላይ ወጥቼ ሥዕሎቹን ማውረድ ጀመርኩ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች።

«ፖስተሮችሽን ልመልስልሽ። ቃል ቃል ነው።»

«ውረጂ።»

ወረድኩ። መጋረጃውን ሳበች፣ ሻሿን ፈታች፣ ሌላውን ሁሉ ስታስቀምጥ የኖረችበት ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች።

«በይ ከሰልሽን አምጪ። ሽበቴን እንዳትደብቂው። ከዋሸሽ ለገባ ለወጣው ሁሉ ነው የምናገርብሽ።»