«ጨርሰናል»

የታጨደ ሰንበሌጥ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ አለ፣ ግማሹ ማር፣ ግማሹ አቧራ። ባለፈው ጥር ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ቆሜ አንድ ባጃጅ ሰንበሌጥ ጭኖ ሲያልፍ ያ ሽታ መጣና ባለሁበት አስቀረኝ። ለአንድ ምግብ ቤት የባህል ጎጆ መክደኛ ነው አሉኝ። እኛ ያደግንበት ቤት አሁን ባህል ሆኖ ምሳ ይበላበታል።

ወላጆቼ በድርቁ ዓመት ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው፣ ከቢላ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ ሜዳ ላይ ሲወርዱ፣ ያወረዳቸው ካድሬ «ባዶ መሬት ነው» ብሏቸው ነበር። ባዶው መሬት የጎረቤታችን የኦቦ ገላታ ግጦሽ ነበር። ላሞቹ መመሪያው አልደረሳቸውምና ከውሃ ሲመለሱ በልማዳቸው እኛ ደጅ መጥተው ይተኙ ነበር፤ እናቴ ዱላ ይዛ ስትወጣ ኦቦ ገላታ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ተያቸው፣ እነሱ አማርኛ አያውቁም» ይላት ነበር። ስለ እርስ በርስ ጦርነትና ስለ ዘር ማጥፋት የተጻፉ መጻሕፍት መደርደሪያዬን ሞልተዋል፤ ብዙዎቹ መንስኤውን ከሺህ ዓመት ጥላቻ ይጀምራሉ። የእኛ ደጅ ቅሬታ ግን ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ስሙም ግጦሽ ነበር፣ ሊሳቅበትም ይቻል ነበር።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ጥር ቤታችንን እንደገና የከደነው ይኸው ሰው ነው። አባቴ ይመር ከታች ሰንበሌጡን እየጠቀለለ ሲያቀብለው፣ እሱ ወራጁ ላይ ተንጠላጥሎ በልጥ ቋጠሮ በቋጠሮ እያጠበቀ ወደ ጫፉ ይወጣ ነበር።

«ይመር፣ እናንተ የወሎ ሰዎች ለአንድ ክረምት ነው እንዴ የምትከድኑት? ነፋስ ይወስድሃል እኮ!»

«ቢወስደኝ ያንተ ደጅ ላይ ነው የሚጥለኝ።»

«ታዲያ ለምን ይመስልሃል አጥብቄ የማስረው!»

በመጨረሻ እናቴ ጆሮዋ የተሰበረ ማሰሮ አቀበለችው፣ ጫፉ ላይ ደፍቶ ጉልላት አደረጋት፣ እጁን ዘርግቶም መንደሩ እስኪሰማ «ከነ ፊጥኔራ!» ብሎ ጮኸ። ይህን ጨርሰናል ማለት ነው። ጠላ ይቅረብ ማለትም ነበር።

በሣር ክዳን ሥር የክረምት ዝናብ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የጎረቤት ሳል ከአጥር ማዶ ይሰማ ነበር። ከእነሱ ቤት ሰው ሲያስል እናቴ ጤና አዳም ትልክ ነበር፣ እኔ ሳስል ደግሞ ከዚያ ማር ይመጣ ነበር፤ ኦቦ ገላታ ሳሌን ለይቶ ያውቀው ስለነበር «ያቺ ደረቋ» ይለኝ ነበር። በዚያው ክረምት ጦርነቱ እየቀረበን ሲመጣ ወታደሮች ትልቁን ልጁን ወሰዱት፣ ልጁም በዚያው ቀረ። ወሳጆቹ አማርኛ ይናገሩ ነበርና እናቴ ልታጽናና ስትሄድ አማርኛዋን እንደሚያሳፍር ነገር ዝቅ አድርጋ ይዛው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ የሚሰጠን ሰላምታ አጠረ።

ኅዳር ገባ፣ በቆሎው ደርቆ ሳይሰበሰብ ከቤታችን ግድግዳ ጋር ተጠጋግቶ ቆሞ ነበር። አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ታችኛው የሰፋሪዎች መንደር እንደሄደ ከዚያ ጭስ ተነሣ፣ ጩኸትም ተከተለ፣ እናቴም ክንዴን ይዛ በቆሎው ውስጥ ገባች። እሷ ግንባሯን አፈር ላይ ደፍታ ስትጸልይ እኔ በአገዳዎቹ መካከል አየሁ። ኦቦ ገላታ ብቻውን ጣሪያችን ላይ ነበር። በማጭድ ልጡን ይቆርጣል፣ ሰንበሌጡን እየነቀለ ይጥላል፤ ማሰሮዋ ተንከባልላ ወደቀችና ተሰበረች። ችቦ የያዙ ሰዎች ወደ ደጃችን ሲዞሩ፣ በዚያው ጣሪያውን በከደነ ዕለት ድምፁ «ከነ ፊጥኔራ! ከነ ፊጥኔራ!» እያለ ጮኸ። ሰዎቹ አለፉ። አባቴ አልተመለሰም፤ ከታችኛው መንደር የተመለሰ ጥቂት ነው።

በቀጣዩ በጋ፣ ነቀምቴ ተጠግተን ሳለን፣ የደረሰብንን የሚመዘግቡ ሰዎች መጡ። አንዱ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ማንን አየሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ኦቦ ገላታን።»

«ምን ሲያደርግ?»

«ቤታችንን ሲያፈርስ።»

«ምን ሲል ሰማሽ?»

«‹ጨርሰናቸዋል› ሲል።»

«ጎበዝ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቂያለሽ» አለኝና ጻፈ። ኦቦ ገላታ አራት ክረምት ታሰረ። እኔም አድጌ ስለ ግጭት መንስኤዎች የምጽፍ ሰው ሆንኩ፤ «ቤታችንን የከደነው ጎረቤት ቤታችንን አፈረሰው» የሚለውን ታሪክ በሦስት መጣጥፎች ተጠቅሜበታለሁ። አንባቢ ይወደው ነበር።

ያ ሽታ ከመጣ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና፣ በሳምንቱ ደብተሬን ይዤ፣ ኦቦ ገላታ ለምን እንደጠላን ልጠይቀው ወደ ድሮው መንደራችን ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ በአቧራው ውስጥ እያሳልኩ ግቢው ስገባ፣ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር የተቀመጠ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ቀና አለ።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ! ያቺ ደረቋ ነሽ?»

ያዘጋጀሁት ጥያቄ ሁሉ ጠፋብኝ። «ጣሪያችንን ለምን እንዳፈረሱት ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«እሱን ተይው!» አለና ሳቀ። «ከመክደኑ ማፍረሱ ነው የገደለኝ። አጥብቄ አስሬው ነበር።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «የፈረሰ ቤት ማን ያቃጥላል? ቢያቃጥሉት በቆሎው ይያያዝ ነበር። አንቺ ደግሞ በቆሎው ውስጥ ታስዪ ነበር። እንዳይሰሙሽ ነው ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የጮህኩት።»

«ለዳኛው ለምን አልነገሩትም?»

«ነገርኩት፣ መች አመነኝ። ‹አፍርሰሃል?› ሲለኝ አዎ አልኩ። ‹ጨርሰናቸዋል ብለሃል?› ሲለኝ ግን፣ ያንን ‹ቸው› ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ከእኔ ነው» አልኩ።

እሱ በተናገረው ቃል ውስጥ «እነሱን» የሚል ነገር አልነበረም፤ ነገሩን ከጣሪያ ወደ ሰው ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ በስምንት ዓመቴ፣ ያየሁትን ሁሉ በትክክል አይቼ። ኦቦ ገላታ በጣቱ የበረንዳውን እንጨት መታ መታ አደረገ።

«ማሰሮዋን ግን ይቅር በይኝ» አለ በመጨረሻ። «ከእጄ አምልጣ ነው።»

ደብተሬን ሳልከፍት ተመለስኩ። ዛሬም በወለጋ መንገዶች ዳር የተቃጠለ ቤት አያለሁ፣ በየስልኩም ማን ማንን እንደጨረሰ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ የሚመሰክሩት ያዩትን ይሆናል፣ እኔም ያየሁትን ነበር የመሰከርኩት። ቤቴ አሁን ቆርቆሮ ነው፣ የከደነው ሠራተኛ በምስማር መትቶ ሄደ፣ ስሙን አልጠየቅሁትም። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ያጓራል፣ ከግድግዳዬ ማዶ ሰው ቢያስል አይሰማኝም። እዚያ ማዶ ያለው ሰውም የእኔን ሳል አያውቀውም።