በግንብ ፋንታ ቆርኪ

ቼዝ ከተውኩ ቆየሁ። ለምን ሲሉኝ «ጊዜ የለኝም» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ነበር። ቢሯችን ወንበር እንኳ በቅጡ የለውም፤ ቼዝ ግን ነበረው። ከጎግ ወረዳ ከመጣች የሥራ ባልደረባዬ ጋር በየምሳ ሰዓቱ እንጫወታለን። አንድ ወታደር ስለጠፋ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ እናስቀምጥ ነበር።

የክልሉ የሴቶች ውድድር ሲመጣ ለፍጻሜ የደረስነው እኛው ነን። ያሸነፈች አዲስ አበባ ትሄዳለች። እኔ የባለሱቅ ልጅ ከመቱ ከተማ ወዲያ አላውቅም። እሷ ደግሞ አዲስ አበባ የምትማር ልጇን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁም ማሸነፍ ፈለግሁ።

ዳኛው ጠጠሮቹን ሲደረድር ከእኔ ጥቁሮች አንድ ግንብ ጎደለ። ቆርኪ አስቀመጠና፣ «ይኼ ግንብ ነው፤ ተግባባን?» አለ። ሁለታችንም «አዎ» አልን።

ሙቀቱ አይጣል ነው! ጨዋታው ከእጄ ወጣ። ፈረሴን በላችብኝ፣ ንጉሤን ጥግ አስያዘችው። ያኔ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ቆርኪውን ልክ እንደ ወታደር አንዲት ቤት ብቻ ወደፊት ገፋ አደረግሁት። ለእሷ ቆርኪ መቼም ወታደር ነው፤ ያስለመድኳት እኔው ነኝ።

ንግሥቷን አነሣች። አየር ላይ ያዘቻት። «ያ አላህ፣ ታስቀምጣት» እላለሁ በሆዴ። ከቆርኪው ጎን፣ በዚያው መስመር፣ ሦስት ቤት ርቃ አስቀመጠቻትና ለቀቀቻት።

በቆርኪው በላኋት።

«ኧረ ወታደር ወደ ጎን አይሄድም!» ብላ ሣቀችብኝ። ከዚያ ዳኛውን አየች፤ ዳኛው ቆርኪውን አሳያት። ሣቋ ጠፋ። ጥቂት ተጫውታ እጅ ሰጠች።

ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ስድቧን እጠብቃለሁ። ምነው በሰደበችኝ! እሷ ግን ከወንበሯ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ ዓሣ አወጣች። ራሷ ልትወስድ አዘጋጅታው ኖሯል።

«ልጄ ይሄን ትወዳለች» አለችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ስትሰጫት አጠገብሽ አቁሚያት እሺ? ቁመቷ የት እንደደረሰ መጥተሽ ታሳዪኛለሽ።»