የጥየቃ ለስላሳ

በእኛ አገር በሽተኛ ለመጠየቅ በባዶ እጅ አይኬድም። ይዞ መምጣት ብቻም አይበቃም፤ በሽተኛው የመጣለትን ነገር ጠያቂው ፊት መቅመስ አለበት። ሳይቀምስ ካስቀመጠው ወይ ንቆናል ይባላል፣ ወይ በሽታው በርትቶበታል ተብሎ ይለቀሳል። ልጅ ሳለሁ የሚመጣው በሶ፣ እንቁላል፣ የደላው ቤት ከሆነ ማር ነበር። አሁን ለስላሳ ነው፤ ያ ብርቱካን የተሳለበት ትልቁ የፕላስቲክ ጠርሙስ።

አባቴ መንዝ ላይ ገብስ እያረሱ ያረጁ ሰው ናቸው። ለዓመታት ተከልሎ የሚቆየው የጓሳ ሣር እንዲታጨድ ሲፈቀድ ከጎረምሶቹ ቀድመው ይደርሱ ነበር። ስኳር ያዛቸው ሲባል ሰፈሩ አላመነም። ስኳር ቁጭ ብሎ የሚበላ የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚመስለን። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ጫማ ላጣቸውና ቁስሉ አልድን አለ። ደብረ ብርሃን ወስጃቸው ያየቻቸው ሐኪም ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችን። ስኳሩ ከወረደ ቁስሉ ይድናል፤ ካልወረደ እግራቸው ይቆረጣል። ጣፋጭ የሚባል ነገር፣ ለስላሳን ጨምሮ፣ በአፋቸው እንዳይዞር አለች።

እረፍት ወስጄ አብሬያቸው ወደ ቤት ተመለስኩ። የወረዳችን ከተማ ሞላሌ ስንደርስ የሱቆቹን ግድግዳ አየሁት። የለስላሳው ፋብሪካ በነጻ ቀለም ቀብቶላቸዋል፤ ማቀዝቀዣም ሰጥቷቸዋል። የጤና ጣቢያው ታፔላ ግን ዝጎ ፊደሉ አይለይም። በክረምት አምቡላንስ የማይደፍረውን ጭቃ የለስላሳው መኪና እየተንፏቀቀም ቢሆን ያልፈዋል። ሰው ለሰው እንዲህ ቢተጋ የት በደረስን!

ቤት በገባን ማግስት ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። መጀመሪያ የመጡት የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ ከልጅነት ጀምሮ ደቦ ወጥተው፣ ማኅበር ጠጥተው የኖሩ። ከጋቢያቸው ሥር ጠርሙሱን አወጡና ራሳቸው ከፍተው ብርጭቆ ሞሉ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ከልክሏቸዋል» አልኳቸው።

«ምኑን? አረቄ መሰለሽ እንዴ? ብርቱካን ነው እኮ፣ አታዪውም?» ሥዕሉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ደግሞ በጾም እንቁላል ላምጣለት?»

«በሶ ቢያመጡ ምን ነበረበት?»

ከት ብለው ሳቁ። «ወንድሜ ታሞ በሶ ቋጥሬ ልምጣ? ይህን ያህል ደኸየሁ ብለሽ ነው?» ወደ አባቴ ዞሩ። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ፉት በልልኝ።»

አባቴ እኔን አዩኝ፤ ቀጥሎ ጓደኛቸውን አዩ። ጠጡት። እግዜር ይስጥልኝ አሉ።

ሌላው መጣ፤ ሌላዋ መጣች። ሁሉም ይቀዳል፤ ሁሉም በሞቴ ይላል። ጠርሙሱን በር ላይ ተቀብዬ ልደብቅ ብል እናቴ ተቆጣች። «ከቤቴ ሰው ይቅር ነው የምትይው?» አለችኝ። ንዴቴን ማን ላይ እንደምወጣው ጠፋኝ። ሰዎቹ አባቴን ይወዷቸዋል፤ አብሮ አደጋቸውማ ሲወጡ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ያንን ብርቱካን ጠርሙሱ ላይ የሳለውን ሰው አላውቀው፣ ቤቱን አላውቀው። እሱም አባቴን አያውቃቸውም።

ጠያቂ ጋብ ሲል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ እግርዎ እኮ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ለእግሬ ብዬ ሰው ላስቀይም?»

ወጥቼ ከጓዳው ጀርባ አለቀስኩ።

ከፋሲካ በኋላ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከሆስፒታል ሲመለሱ አራት ሰው ተሸክሞ አወረዳቸው። አሁን ፀሐይ ሲወጣ በር ላይ ካለው መደብ ይቀመጣሉ። ማሳቸውን ምርቱን እኩል የሚካፈል ሰው ያርሰዋል፤ እሳቸው ከዚያ ሆነው ትልሙ ጠመመ እያሉ ይነጫነጫሉ። መነጫነጫቸው ደስ ይለኛል። ዝም የሚሉበት ቀን ነው የሚከፋኝ።

ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። ከበላያችን ያለችው ጎረቤት ሐኪም ቤት ደርሳ ስኳር አለብሽ ተብላ ተመልሳለች፤ ልትጠይቃት ነው። ነጠላዋ ሥር የጠርሙሱን አንገት አየሁት።

«እማዬ! ስኳር ነው እኮ የያዛት!»

«አውቃለሁ።»

«በሶ ውሰጂላት። ቆሎ ውሰጂላት። የአባባን እግር አላየሽም?»

እናቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አይቻለሁ። እኔ ነኝ የማጥበው፣ እኔ ነኝ የማስረው። ግን ምን ትበለኝ? ባሏ እግሩ ቢቆረጥባት ደኸየች፣ በሶ ቋጥራ መጣች ትበለኝ? የእኔ ቤት ሲታመም እሷ ባዶ እጇን አልመጣችም።»

ጠርሙሱን አቀፍ አድርጋ ወጣች። እኔ ወደ መደቡ ዞርኩ። «አባባ፣ ይከልክሏት እንጂ! እርስዎን ትሰማለች።»

አባቴ አጥሩን እስክታልፍ በዓይናቸው ሸኟት። የተቆረጠውን እግራቸውን በጋቢ ሸፈን አደረጉት።

«ተያት ልጄ» አሉኝ። «እኔም እግር ቢኖረኝ ይዤላት የምሄደው ያንኑ ነበር።»