ግራጫው ቱታና ከስክሱ

ልጁ ሳያለቅስ ከተወለደ በኋላ ከልብሶቼ አንዱም አልሆን አለኝ። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ከላይኛው የከተማው ክፍል ሼቻ ነበር። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ እኔ ደግሞ ከመንግሥት ቢሮዎች በአንዱ ጸሐፊ ነበርን። ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ሐኪም ቤት ልጁን አላሳዩኝም። «ባታዪው ይሻልሻል» አለችኝ ነርሷ፤ እኔም የሚሻል መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባለቤቴና አንድ ጎረቤታችን ወስደው ቀበሩት። የት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ድንኳን አይጣልም፤ ልቅሶም አይቀመጡለትም። የሰፈሩ ሴቶች ግን አጥሚት እየያዙ መጡ። «ማህፀንሽ ይባረክ»፣ «እሱ ይተካዋል»፣ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ይሉኛል። «አሜን» እላለሁ። አሜን ማለት አይከብድም። ሲሄዱ ኩባያዎቹን አጥባለሁ። ውኃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አይታወቀኝም ነበር።

ጉርዶቼ ወገቤ ላይ አይዘጉም። የእርግዝና ቀሚሶቼ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ እጄ ግን ወደ እነሱ አልሄደም። የሆነኝ አንድ ግራጫ ቱታ ነው፤ ወገቡና የእግሩ ጫፍ ላስቲክ፣ ጉልበቱ ላይ የለጠጠ፣ ቤት ለቤት የምለብሰው። እግሬም አብጦ ስለነበር ጫማ አልገባ አለኝ። ሐኪሙ ይጎድላል ያለው እብጠት ሳይጎድል ሰነበተ። አንድ የገበያ ቀን ባለቤቴ ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማ ሊገዛልኝ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ፣ ወረደና ከሰልባጅ ተራ ጥቁር ቡትስ ይዞ ተመለሰ። ቁርጭምጭሚት አልፎ የሚወጣ፣ በክር የሚታሰር፣ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ነጠላ ጫማው ሁሉ ሶሉ ስስ ነው። መንገዱ ደግሞ ድንጋይ ነው» አለ። «እንዳትደናቀፊ ብዬ።»

ተንበርክኮ አደረገልኝ። ገባ። ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ክር ሳያስገባ ተዋቸው፣ እብጠቱን እንዳያጠብቀው። የቱታው ጫፍ በቡትሱ አፍ ላይ ተሰብስቦ ቀረ። ስቆም መሬቱ ከእግሬ ራቅ ያለ ሆነብኝ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ነገር አድርጌ አልወጣሁም።

ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ፈቃዴ ሳያልቅ ሥራ ገባሁ። አልቻልኩም ስል አለቀስኩ ማለቴ አይደለም። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ቢሮ ደግሞ የሚተየብ ደብዳቤ አለ። ሰው ያረቀቀውን እያዩ መተየብ ለዚያ ጊዜዬ የሚስማማ ሥራ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። ወተቱ ልጅ እንደሌለ አላወቀም። ባለጉዳይ ቆሞ እያናገረኝ ሸሚዜ ይረጥባል። ስለዚህ የባለቤቴን ሰፊ ጥቁር ካኔተራ መልበስ ጀመርኩ፤ በላዩ አንድ ረጅም ሻርፕ በደረቴ ላይ አቋርጬ ጫፉን ወደ ኋላ እጥለዋለሁ። ካኔተራው ከጎን በኩል ቱታው ውስጥ ይገባል፣ ከፊት ተዘርግፎ ይቀራል። በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ ክፍት ጫማ አድርጎ በሚሄድበት ከተማ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ ከሼቻ ቁልቁል እወርዳለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች «ወታደሯ መጣች! ከስክስ አድርጋለች!» ይላሉ። ሰምቼ አልፋለሁ። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስለኝ።

አለቃዬ ጡረታቸው የደረሰ የሰሜን ሰው ነበሩ። ስንት ዓመት እዚህ ኖረው ኮታቸውን ያወለቁበትን ቀን አላስታውስም። አንድ ጠዋት አስጠሩኝ። ሰው እንደነገራቸው አወቅኩ፤ ከጠረጴዛቸው ማዶ ሆነው ጫማዬን አዩና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ጫማ አይከብድሽም?»

«አይከብደኝም፣ ጋሼ።»

«አይሞቅሽም?»

«አይታወቀኝም።»

ስለ ቢሮ አለባበስ ሊነግሩኝ አስበው እንደነበር ያስታውቃል። ከዚያ ተነሡና የራሳቸውን ማራገቢያ ከግድግዳው ነቀሉ። «እኔን ብርድ እየመታኝ ነው፣ ውሰጂው» አሉኝ። ተሸክሜው ወጣሁ። በዚያ ሙቀት ማንንም ብርድ እንደማይመታ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ዕለት ግን ገመዱን ሰካሁና መተየቤን ቀጠልኩ።

በዚያው ሰሞን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አንዲት ተለማማጅ መጣች። ሳቂታ፣ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ከምዕራብ ዓባያ የመጣች ልጅ። ከጎኔ ወንበር ሰጧት። ስለ እኔ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳት። ፋይል ስትደረድር ቀና እያለች ታየኛለች። በክፉ አልቆጠርኩትም፣ ምንም ነገር ከምንም አልቆጥርም ነበር።

አንድ ሰኞ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እይኝ እንጂ!»

አየኋት። ጥቁር ቱታ ለብሳለች። ቡናማ ቡትስ አድርጋለች፣ ሶሉ ከእኔም የወፈረ። የላይኞቹን ቀዳዳዎች ክር አላስገባችባቸውም። ካኔተራዋን ከጎን አስገብታ ከፊት ዘርግፋዋለች። ቢጫ ሻርፕ በደረቷ ላይ አቋርጣ ወደ ኋላ ጥላዋለች።

«እንደ አንቺ አደረግኩት እኮ!» አለች። «ዶርም ያሉት ልጆች አብደዋል። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ከቢሮ አልኳቸው። ግን አንድ ነገር አልሆነልኝም። አንቺ ጋ ቱታው እዚህ ጋ ሰብሰብ ብሎ ይቀመጣል፣ የእኔ እየወረደ ቡትሱን ይሸፍነዋል። እንዴት ነው የምታደርጊው?»

ምን እንደተሰማኝ ልናገር ብል እዋሻለሁ። የእግሬ እብጠት፣ የደረቴ ወተት፣ የማይዘጋው ወገቤ፣ ሁሉም ተራ በተራ ፊት ለፊቴ ቆመዋል፤ በአንዲት ጤነኛ ልጅ ላይ ደግሞ አምረዋል። ቅያሜ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ተነሥቼ ተንበረከክኩና ላስቲኩን ወደ ውስጥ አንዴ አጠፍኩላት፤ የቱታውን ጫፍ ከቡትሱ አፍ በላይ አስቀመጥኩት።

«እንዲህ ነው። ሲወርድ እንደገና እጠፊው» አልኳት።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ባልደረባዬ በሩ ላይ ደርሳ ይህን አይታ ኖሯል። ልጅቷን ኮሪደር ላይ ጠርታ ስትቆጣት ድምፅዋ ይሰማኛል። «አንቺ ዓይን የለሽም? ቅዳ ሲሉት ይገለብጣል አሉ! እሷ እኮ ልጅ ቀብራ ነው እንዲህ የሆነችው!» ልጅቷ ከሰዓት አልተመለሰችም። በማግስቱ የአበባ ጉርድ ለብሳ ክፍት ጫማ አድርጋ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» አለች ቆማ።

«ከየት ታውቂያለሽ? ተቀመጪ።»

«ፋሽን መስሎኝ ነው።»

«ነገ ልበሺው» አልኳት። «ያምርብሻል።»

ከልቤ ነበር ያልኩት። ባይሰማኝም ማማሩ ይታየኝ ነበር። ሁለት ቀን አመንትታ እንደገና ለበሰችው። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ መንገዱ ጭቃ ሆነና ሌሎቹም ለበሱት። ሲቀላ ስወርድ ሦስት አራት ሆነው፣ ቱታቸውን ቡትሱ ላይ ሰብስበው፣ ሻርፕ አቋርጠው እየተሳሳቁ ሲሄዱ አያለሁ። የባጃጅ ሾፌሮቹም ከስክስ ማለቱን ትተው እነሱን መጣራት ያዙ። እኔ ከመካከላቸው ያረጀሁ ተከታይ መሰልኩ።

በክረምቱ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከደጋው ከጨንቻ ወረዱ። ከተማውን አይወዱትም፣ ሙቀቱ ያማቸዋል። ገብተው እንደተቀመጡ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ከልጃቸው ጋር በጋሞኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ነገ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሲናገሩኝ ሁሌም ወንድ ነኝ። ባለቤቴ «ደስ ካለሽ ብቻ ነው» አለ። «እሺ» አልኩ። ለሁሉም ነገር እሺ የምልበት ጊዜ ነበር።

ጨንቻ ጉም ነው። ቤቱ ጓሮው በሙሉ እንሰት፣ ጠዋት ሲወጡ ቅጠሉ ውኃ ያንጠባጥባል። እዚያ ቱታዬንና ቡትሴን ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም። ብርድ ስለሆነ ሁሉም ያገኘውን ይደርባል፤ ሸማኔው ጎረቤት በሱፍ ኮት ላይ ጋቢ ደርቦ የመሸመኛ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል። ገብስ በጎመን እበላለሁ፣ ከአማቴ ጋር ወደ ገበያ እሄዳለሁ፣ ጭቃው ቡትሱ ላይ ይደርቃል፣ በዱላ አራግፈዋለሁ። ማንም እንዴት ነሽ አይለኝም፤ ማገዶ አምጣ ግን ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት ከገበያ ተመልሰን እሳቱ አጠገብ ተቀመጥን። አማቴ፣ «አውልቅ» አሉኝ ወደ ቡትሱ እያዩ። አወለቅኩ። እግሬን ጭናቸው ላይ ወስደው በቅቤ ያሹኝ ጀመር። እብጠቱ መቼ እንደጎደለ አላስተዋልኩም ነበር፤ የክሩ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«እኔም ሁለት እንደዚህ ሆነብኝ» አሉ ሳያዩኝ። «አልቅስ ያለኝ ሰው የለም። ሥራ አለ፣ ከብት አለ። አንተ ግን አልቅስ። እኔ ብያለሁ።»

እንባዬን ጠበቅነው፣ እሳቸውም እኔም። አልመጣም። «አልመጣልኝም፣ እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው ተኛ» አሉኝና ቡሉኮ አለበሱኝ። እስኪመሽ ተኛሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየጨመረ መጣ፤ ሰው ጋቢውን እያወለቀ ጭኑ ላይ ያደርጋል። ባለቤቴ ሲቀላ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ከስተሻል» አለኝ፣ ቀጥሎም «ርቦሻል?» «እንጃ» አልኩት። አንድ ዓሣ ቤት ገባን። የተጠበሰ ዓሣ ከዳጣ ጋር አመጡልን። ዳጣ የዚህ አገር ሰው ከቃሪያና ከቅመም የሚፈጨው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት፣ በዚያ ዓመት ግን እንደ ሌላው ምግብ ሁሉ ጣዕሙ ጠፍቶብኝ የነበረ። ሳላስብ ደህና አድርጌ አጠቀስኩ።

አቃጠለኝ። ምላሴን፣ ጉሮሮዬን፣ ጆሮዬን ሳይቀር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አፍንጫዬም ፈሰሰ። በሻርፔ ልጠርግ ስል ባለቤቴ አየኝ። የዳጣው ነው ልለው ነበር። እሱ ግን ያለቀስኩ መስሎት እጁን ዓሣው ላይ እንዳለ ተወና ማልቀስ ጀመረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሰዎች ዞረው አዩን። አስተናጋጇ ውኃ አስቀምጣ ቶሎ ሄደች።

«ጸጉር ነበረው» አለኝ። «ስገንዘው አየሁት።»

«ምን ዓይነት?»

«ጥቁር ነው። ብዙ። ወደ ግንባሩ የወረደ።»

«እንደ ማን?»

«እንደ አንቺ አባት።»

አባቴ ከጎጃም በመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እስኪሞት ድረስ ጸጉሩ ያልሳሳ ሰው ነበር። «ሌላስ?» አልኩት። ጣቶቹ ረጃጅም እንደነበሩ ነገረኝ። ከኩልፎ ወንዝ ወዲያ የት ጋ እንደተቀበረ ነገረኝ። ዓሣው ቀዘቀዘ። እኔ አሁንም አላለቀስኩም፤ ዳጣው ግን እያቃጠለኝ ነበር፣ ውኃውንም አልጠጣሁትም።

በሳምንቱ ቦታውን አሳየኝ። ድንጋይ የከበበው ትንሽ መሬት ነው፣ ከራስጌው የሙዝ ማሳ ይታያል። ብዙ አልቆየንም።

ቱታውን ከዚያ በኋላም ረጅም ጊዜ ለብሼዋለሁ፤ ጉርዶቼ መልሰው የሆኑኝ ጊዜም ቢሆን አልተውኩትም። ሐዘን ነው ይሉኝ ይሆናል፣ ግን ይመቸኝ ስለነበር ነው። ተለማማጇ ልምምዷን ጨርሳ ሄደች፤ ዛሬ ሲቀላ አንድ ቡቲክ ውስጥ ትሠራለች፣ ሳልፍ ጠርታ ታስገባኛለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ስታለቅስ ሰማኋት። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ዝም አልኩ፤ ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ «ሰማሻት?» አለኝ። «ሰማኋት» አልኩት። ደስታው በዚያ ሰዓት አልመጣም። በቀናት ውስጥ፣ ጡት ስትስብ ሲያመኝ፣ ቀስ እያለ መጣ።